አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

አሁን አሁን ወጣቶቹ ሲያወሩ እሰማለሁ። ባለባርኔጦቹ የወንዝ ማዶ ሰዎችን መሬት በጠመንጃ ነጠቁ ይላሉ። ጠመንጃውማ ነበር፤ ግን ግድግዳ ተደግፎ ነው የዋለው። መሬቱን የወሰዱት በአንዲት ጥያቄ ነው። የእኛንም በዚያችው ጥያቄ ሊወስዱ ሲሉ እዚያው ክፍል ውስጥ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበርና እኔ ልንገራችሁ። ያልነበረ ሰው ዝም ብሎ ይስማ።

ጥያቄዋ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትኖሩት?» የምትል ናት።

የእኛ ሰው ይህን ሲጠየቅ «ትናንት መጣን፤ እንግዶች ነን» ይላል። ሰባት አያቶቹ ደጁ ላይ ተቀብረው እያሉም እንዲህ ነው የሚለው። መሬቱ የሙታኑ ነው፤ እነሱ ከሥር እየሰሙ ከላያቸው ቆሞ «የእኔ ነው» ማለት ብልግና ነው፣ አሳዳጊ የበደለው ነው እንዲህ የሚለው። ጠያቂው ጨዋ ከሆነ ይህን ስለሚያውቅ ደግሞ ይጠይቃል። አሁንም «እንግዶች ነን» ይባላል። ሦስተኛ ሲጠይቅ ነው ሽማግሌው ተነስቶ እውነቱን የሚናገረው። መጀመሪያ ከመጣው አባት ጀምሮ እስከ ልጆቹ ድረስ ስም በስም ይቆጥራል፣ ማን የትኛውን ጫካ እንደመነጠረ፣ ማን የትኛውን ምንጭ እንደጠረገ ይናገራል፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ባዕድ ብቻ ነው። የቤት ሰው አይጠይቅም። ልጅ አባቱን እንዲህ ብሎ ከጠየቀ «ከዛሬ ጀምሮ አባቴ አይደለህም» አለ ማለት ነው። በእኔ ዕድሜ ያደረገው ሰው አላየሁም፤ አያቴም አደረገ ሲባል አልሰማችም።

ባለባርኔጦቹ ግን የሚጠይቁት አንዴ ነው።

የወንዝ ማዶዎቹን አንድ ጠዋት ሰብስበው ጠየቋቸው። ሽማግሌያቸው እንደ ደንቡ «ትናንት መጣን» አለ። ተተረጎመ፣ ተጻፈ፣ ሽማግሌው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ፤ ጨዋታው ገና መጀመሩ መስሎት ነበር። በሁለተኛው ወር ወታደር መጣና «ወደ መጣችሁበት ሂዱ» አላቸው። ቤታቸው ተቃጠለ። የተረፉት ወንዙን ተሻግረው በእኛ አጥር ሥር ተኮለኮሉ። ሽማግሌው «ምን አጠፋን?» እያለ እዚያው አጥሩ ሥር ሞተ። እሱም አላወቀም፣ እኛም አላወቅንም።

እኔ ያወቅሁት ካውያ እያሞቅሁ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በገዢው ቤት ልብስ አጣቢና ተኳሽ ነበርኩ። የካውያው ክፍል ከምግብ ቤቱ ጋር የሚገናኘው በአንዲት የእንጨት መስኮት ነው፣ ሳህን የሚቀበሉባት። አራት ዓመት ሙሉ በዚያች መስኮት ምሳቸውን ሲበሉ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲያሙ ሰማኋቸው። ቋንቋ ደግሞ እንደ ጭስ ነው፣ በር ብትዘጋም ይገባል። እንዴት እንደገባኝ ሳላውቅ ገባኝ። ይህን ግን ለአንድም ነፍስ አልተናገርኩም። ምክንያቱም ከእኔ በፊት የነበረችው አጣቢ አንድ ቀን ምሳ ላይ ገዢው ቀልድ ሲያወራ በመስኮቷ በኩል ሳቀች። ሳቀች ብቻ። በማግስቱ ሁለት ዘበኞች መጥተው ወሰዷት፤ እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ የእስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ተመላልሳ ሬሳ እንኳ አላገኘችም። ቀልዱ ደግሞ አያስቅም ነበር፤ እኔ ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ አንድ ቀን መሬት መዝጋቢው ከዋናው ከተማ መጣ። ቀጭን፣ አፍንጫውን በመሐረብ የሚጠርግ ሰውዬ ነው። ምሳ ላይ ገዢው በቀኙ፣ ቃጭል በግራው ተቀመጡ። ቃጭል የምንለው አስተርጓሚውን ነው፤ የእኛው ሰው ልጅ ሲሆን እነሱ ናቸው ያሳደጉት። ገዢው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ስለሚያቃጭል ነው ስሙ የወጣለት። ወጥ ቤቷ ሳህን አቀብላኝ ወጣች፣ እኔ የገዢውን ነጭ ሸሚዝ ዘርግቼ ጀርባውን እተኩሳለሁ።

«ነገ ደግሞ ወንዝ ወዲህ ያሉትን ነው» አለ ገዢው። «ምድሩ ከማዶው ይበልጣል።»

«ብዙ ቀን ይፈጃል?» አለ መዝጋቢው። «አለቆቼ እየቸኮሉ ነው።»

«አንድ ጠዋት ነው ጌታዬ» አለ ቃጭል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትኖሩት ብለው አንዴ ይጠይቁ። አንዴ ብቻ። የሚሰጥዎትን መልስ ይጻፉ፣ ጣቱን ያትም። ሁለተኛ እንዳይጠይቁ ብቻ።»

«ሁለተኛ ብጠይቅስ?»

«ያንኑ ነው የሚሉት። ሦስተኛ ከጠየቁ ግን እስኪመሽ ያወራሉ፣ ምድሩም የእነሱ ሆኖ ቁጭ ይላል። አስተዳደጋቸው ነው ጌታዬ። ጨዋዎች ናቸው።»

ሦስቱም ሳቁ። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። እኔ ክንዴ ደንዝዞ ቀረ። ነገ የሚጠየቀው ሽማግሌ አባቴ ነው፤ የአባቶችን ስም በሆዱ የያዘው እሱ ነው፣ ስለ ሁላችንም የሚናገረው እሱ ነው። ትናንት መጣን ሊል ነው። ሊያትም ነው። አጥር ሥር የተኮለኮሉት የማዶ ሰዎች አሉ አይደል፣ እነሱን የምንሆነው እኛ ነን፤ ለእኛ ደግሞ አጥሩን የሚሰጠን የለም።

ሽታው ነው ያነቃኝ። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስቼው ኖሯል። ሳነሳው የገዢው ጀርባ ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቁጭ ብሏል።

መስኮቷ ተከፈተች። የቃጭል ፊት ነው። ሸሚዙን አየ፣ እኔን አየ፣ መስኮቷን ዘጋ። ከዚያ የጫማው ድምፅ በኮሪደሩ ሲዞር ሰማሁ፤ እየቆጠረ የሚራመድ ይመስል ነበር። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ምን ሆነሽ አቃጠልሽው?» አለኝ በእኛ ቋንቋ፣ በለሆሳስ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ጌታዬ።»

«ቆመሽ?»

«እኔ እኮ እንደ በቅሎ ነኝ፣ ቆሜ ነው የምተኛው።»

አልሳቀም። ቀረበኝ። ትከሻዬ ላይ አፍጥጦ አየና ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ በእነሱ ቋንቋ «ጊንጥ አንገትሽ ላይ እየወጣ ነው» አለ።

ወገኖቼ፣ ጊንጥ እንደሚያስፈራኝ የሚያውቅ ያውቃል። የአንገቴ ቆዳ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። እውነት ሊሆንም ይችላል እኮ፤ የክፍሉ ጣራ ሣር ነው፣ ሁለት ጊዜ ወድቆብናል። እጄን ካነሳሁ አለቀልኝ። ዓይኔ ወደ ትከሻዬ ከዞረ አለቀልኝ። እያየሁት «ምን አሉኝ ጌታዬ?» አልኩት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። ደሞዜን እንዳትቆርጡብኝ ብዬ ለመንኩት፣ አለቀስኩም፤ እንባውማ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

አሁንም አያየኝም፣ አንገቴን ነው የሚያየው። ያን ጊዜ ወጥ ቤቷ ድስት ይዛ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

«ምነው ጌታው፣ ካውያ ቤት ምን ጠፋብዎት?» አለችው። «ይቺን ደንቆሮ ከሆነ የሚያናግሩት ጊዜዎን አይፍጁ። ጨው አምጪ ስላት ሳሙና ነው የምታመጣልኝ። የእናቷን ቋንቋ እንኳ በወጉ አትሰማም።»

ቃጭል ወደ በሩ ዞረ። «ነገ አዳራሹ ውስጥ ውሃ የምትቀዳው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ዓይኔ ሥር እንድትሆኚ ነው።» ወጣ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወጥ ቤቷ አንገቴን በእጇ ጠረገችልኝ፣ ምንም አልነበረም።

«ሰምተሻል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እሺ። አልሰማሽም፤ እኔም አላየሁሽም» አለችና ድስቷን ይዛ ሄደች። ብልህ ሴት ነበረች፣ አፏ ግን ቆሻሻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ አባቴ ገመድ ይገምዳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ቃጫውን ከግንድ ላይ አስሮ ይፈትለዋል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ እየሄደ ይወጥርለታል። ሁለቱ ወንድሞቼ እርሻ ስለነበሩ ጫፉን እኔ ያዝኩ።

«አባዬ፣ ነገ ሲጠይቁህ በመጀመሪያው እውነቱን ንገራቸው።»

«ወጥሪ።»

«አባዬ፣ ስማኝ እንጂ። ደግመው አይጠይቁም።»

«ማን አለ?»

«ሰምቼ ነው።»

«በማን ጆሮ?»

ዓይኔን ወደ ገመዱ መለስኩ። እጁ ቆመ። በመካከላችን ያለው ገመድ ላላና መሬት ነካ።

«ቋንቋቸውን ትሰሚያለሽ» አለ። አልጠየቀኝም፣ እንዲሁ ነው ያለው። ፊቱ ሲገረጣ ዓይኔ እያየ ነው። «ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ ብቻ።»

«ለእኔም ባልነገርሽኝ።» ዞር ብሎ መንገዱን አየ፤ ሰው የለም። «አፍሽን ዝጊ። ሥራሽን ሥሪ። እነሱም እናት አላቸው፣ ሰው ሆኖ አንዴ ጠይቆ የሚተው የለም። ውሃ የሚለምን ለማኝ እንኳ ሁለቴ ይላል።»

«የማዶዎቹን ስንት ጊዜ ጠየቋቸው?»

አባቴ ወደ አጥሩ ዞረ። አጥሩ ሥር አንዲት የማዶ ሴት ለልጇ ቅማል ትፈልጋለች። እሷን ነው የሚያያት።

«ነውሩ የእነሱ ነው» አለ።

«ነውሩንም እነሱ ይውሰዱ፣ መሬቱንም እነሱ ይውሰዱ፤ ታዲያ ላንተ ምን ሊተርፍህ ነው? ገመድህ?»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚያው ገመድ ነበር የሚገርፈኝ። ያን ቀን ግን ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። «አልችልም ልጄ» አለ። «ጥሪው ከደረሰኝ ከትናንት ምሽት ጀምሮ ነገሩ ሲከነክነኝ ነው ያደረው፤ የማዶው ሽማግሌ እንዴት ምድሩን እንዳጣ አስቤዋለሁ፣ እኔ ቂል አይደለሁም። ግን አባቴ እዚህ ሥር ተኝቶ እየሰማኝ፣ አንገቱን በኮሌታ ላሰረ ሰውዬ ስል፣ የእኔ ነው ልበል? ሰባ ዓመት እንዲህ ሲል የኖረ አፍ ነገ ጠዋት በምን ይገለበጣል? ልበል ብልም እምቢ ይለኛል።»

እንደፈራ ያኔ ነው ያወቅሁት። ከእኔ በላይ ፈርቶ ነበር። ጫፉን አነሳሁና ገመዱ እስኪያልቅ ድረስ ወጠርኩለት።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የእኛ ሰዎች ከኋላ ቆመዋል፣ አባቴ ከፊት ነጭ ለብሶ ለብቻው ቆሟል። ከጠረጴዛው ጀርባ ገዢው፣ መዝጋቢው፣ ቃጭል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የከተማው ሐኪም አለ። በሕጋቸው የመንግሥት ሹም ያልሆነ አንድ ሰው መዝገቡ ላይ ካልፈረመ አይጸናም። ሐኪሙ ከገዢው ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም ነበር፣ ግን ከእሱ ሌላ መጻፍ የሚችል ባለባርኔጣ በአካባቢው ስላልነበረ ነው ያመጡት። ሲያዛጋ ነበር። ጠመንጃዎቹ እንዳልኳችሁ ግድግዳ ተደግፈዋል። እኔ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ከጠረጴዛው ጎን ቆሜያለሁ። ቃጭል በየደቂቃው ያየኛል።

መዝጋቢው አፍንጫውን ጠረገና ጠየቀ። ቃጭል ተረጎመ፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትኖሩት?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከንፈሩ ሲከፈት አየሁ፣ ሲዘጋ አየሁ፣ እንደገና ሲከፈት አየሁ። ሊለው ፈልጎ ነበር። ይህን በሙታኑ ፊት እመሰክርለታለሁ፣ ሊለው ታግሏል።

«ትናንት መጣን» አለ። «እንግዶች ነን።»

ቃጭል ተረጎመ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ተሰማኝ። አባቴ ዓይኑን መዝጋቢው ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ሁለተኛውን ይጠብቃል። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል የማኅተሙን ቀለም ወደ እሱ ገፋው። ቃጭል «እዚህ ጋ በአውራ ጣትዎ» አለው።

አባቴ ጣቱን አየው፤ የገመድ ሥራ ያደነደነው ጣት ነው። እንደ ሌባ ዙሪያውን አየ። የሚያድነው አጥቶ ነው። እጁ ወደ ቀለሙ መሄድ ጀመረ።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩ።  ያቺ አጣቢ ትዝ አለችኝ፣ እናቷም። ከጠረጴዛው ፊት ሄጄ አባቴ ትይዩ ቆምኩ፤ ባዕድ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊት።

«አባት» አልኩ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትኖሩት?»

ከአባቴ ጀርባ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ስትይዝ ሰማሁ። አባቴ እኔን ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ የነበረውን አልናገርም። እጁ ግን ከቀለሙ ተመለሰ።

«እንግዶች ነን» አለኝ።

«ምንድነው የምትለው?» አለ ገዢው።

«እብድ ናት ጌታዬ፤ አውጧት» አለ ቃጭል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ ሲያጠምቀው አየሁት።

አንድ ዘበኛ ክንዴን ያዘኝ። ተይዤም «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትኖሩት?» አልኩ። ሦስተኛው ነው።

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሸማውን አስተካከለ። መጀመሪያ የመጣውን አባት ስም ጠራ፣ የመነጠረውን ጫካ ተናገረ፣ ወደ ሁለተኛው ወረደ። ድምፁ የትናንቱ ሰውዬ ድምፅ አልነበረም።

«ምን እያለ ነው?» አለ ሐኪሙ፤ ማዛጋቱን ትቷል።

«መንግሥትን እያመሰገነ ነው» አለ ቃጭል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ያደረግሁት ሁሉ ከንቱ ነበር። ዝም ማለትም አማረኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም አማረኝ። ግን በእነሱ ቋንቋ «አላመሰገነም» አልኩ። «የአባቶቹን ስም ነው የሚቆጥረው። ሦስተኛው ላይ ደርሷል።»

 ገዢው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አራት ዓመት ሙሉ ያወራቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አነበብኩ፤ ስለ ሚስቱ ያለውን ሁሉ ሳይቀር። ያኔ መሞቴ ነው አልኩ።

ሐኪሙ ግን እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያልተተረጎመ ቃል ባለበት መዝገብ ላይ አልፈርምም» አለ። «ይተርጎም። እሷ ትተርጉም፤ ከዚህኛው ሳትሻል አትቀርም።» ለእኛ አዝኖ አይመስለኝም። ገዢውን ማናደድ ፈልጎ ነው። ምንም ይሁን፣ ደግ አደረገ።

ዘበኛው ክንዴን ሳይለቅ ተረጎምኩ። አባቴ አንድ ስም ይላል፣ እኔ እደግማለሁ፣ መዝጋቢው እየተነጫነጨ ይጽፋል። አርባ ሦስት አባቶች ናቸው። ምንጮቹ፣ ድንበሩ፣ የተቀበሩበት ዛፍ። ማንቆርቆሪያው ከጠረጴዛው ጎን ነበር፣ ጉሮሮዬ ተሰነጣጥቆ ጠጪ የሚለኝ የለም። አባቴ አንድም ጊዜ አላየኝም፤ ከእኔ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው።

ከሰዓት በኋላ አባቱ ስም ላይ ደረሰ። ከዚያ ወደ ራሱ። ከራሱ ወደ ልጆቹ። የመቁጠሪያው መጨረሻ ይህ ነው።

«ልጆቼ ሁለት ናቸው» አለ። የታላቅ ወንድሜን ስም ጠራ፤ የታናሽ ወንድሜን ስም ጠራ። ቆመ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። መዝጋቢው ብዕሩን አንስቶ ይጠብቃል። ደንቡ እንዲያ ነው፤ የጠየቀ ባዕድ ነው፣ ባዕድ ደግሞ አይቆጠርም። እኔን ከቆጠረ ጥያቄዬ የቤት ሰው ጥያቄ ይሆናል፣ አርባ ሦስቱም ውሸት ይሆናሉ።

«ልጆቼ ሁለት ናቸው ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። መዝጋቢው ሁለት ብሎ ጻፈ። አባቴ አተመ፣ ሐኪሙ ፈረመ፣ እኔን በጓሮ በር ይዘውኝ ወጡ።

አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። የወታደር ልብስ እያጠብኩ ነበርና ከዚያች ከሳቀችው አጣቢ እኔ እድለኛ ነኝ፤ ሊገድሉኝ ያልቻሉት ሐኪሙ በየወሩ እየመጣ ምላስሽን አውጪ እያለ ስለሚያየኝ ነው። መሬቱን አልወሰዱትም። ሞክረዋል፣ ወረቀቱ አላስኬዳቸውም።

የተፈታሁ ቀን በእግሬ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ገመድ ይገምዳል፤ ታናሽ ወንድሜ ጫፉን ይዟል። ሲያየኝ ገመዱን ጣለና ተነሳ። ለልጅ አይነሱም፤ ለእኔ ግን ተነሳ። አግዳሚውን በሸማው ጫፍ ጠረገልኝ።

«ይቀመጡ» አለኝ።  «መንገዱ አላደከመዎትም?»

ወንድሜ ፊቱን አዞረ።

«ደህና ነበር» አልኩና ተቀመጥኩ።